እርፍና መሪ

መኪና መንዳት ለሚማር ሰው ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ቦታ የተፈጠረ አይመስለኝም። ሩዙ ታጭዶ ካለቀ በኋላ፣ በወርኃ ጥር፣ ከወረታ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ዐይኑን የሚያሰናክለው ጉብታ አያገኝም። የሚገጭ ግንብ የለም፤ የሚገባበት ገደል የለም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሐይቅ የሚያስመስሉት ያ ሁሉ ምድር ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ገበሬው በቀረችው እርጥበት ጓያ ከዘራበት ማሳ በቀር ሌላው ለከብት ይለቀቃል። ለማጅ እዚያ ላይ የሚያበላሸው ነገር ቢኖር የራሱን ስም ብቻ ነው።

እኔና ታናሽ እህቴ መንዳት የተማርነው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ በ2009 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ። ስምንት ነበርን፤ አምስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። መኪናችን "ለማጅ" የሚል ጽሑፍ የለጠፈች አሮጌ ቶዮታ ነበረች። አሠልጣኛችን ዕድሜያቸውን በጎንደርና በአዲስ አበባ መካከል አይሱዙ ሲነዱ የኖሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ቁጣቸው ግን እንደ ሐምሌ መብረቅ ድንገት የሚወርድ ሰው ነበሩ። አይሱዙ የጭነት መኪናን ሕዝቡ ስለ ፍጥነቱና ስለ አደጋው "አልቃይዳ" እያለ ይጠራው የነበረበትን ዘመን ታስታውሱ ይሆናል። "እኔ ከአልቃይዳ በሰላም የተሰናበትኩ ሰው ነኝ" ይሉን ነበር።

ደብተር ነበራቸው። የስምንታችን ስም በተርታ ተጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ሞተር ባጠፋን ቁጥር አንድ ሰረዝ ይሰመርበታል። ፍሪሲዮን ቶሎ የለቀቀ ሰው መኪናዋ እንደ ደነገጠች በቅሎ ዘልላ ጸጥ ትላለች፤ ያኔ እስክሪብቶው ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የደብተሩ ፍርድ የማያሻማ ነበር። ከወንዶቹ ስም ፊት ለፊት ሁለት ሦስት ሰረዝ፤ ከሴቶቹ ፊት ለፊት እንደ አጥር የተደረደረ። ወንዶቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ እያስገባን ሜዳውን ስንዞር፣ ሴቶቹ ገና ከመነሣት ጋር ይታገሉ ነበር።

ተራችንን የምንጠብቀው ከአንዲት ዋንዛ ሥር ነው። ከጥላው ሥር የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዳኛ ይሆናል። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረት በዚያ ጥላ ሥር ስንት ጊዜ እንደተተረተ አላስታውስም። ማን እንደተረተውም አልጽፍም። እኔ ግን ስቄአለሁ። አማርኛ አስተማሪ ነኝና፣ ተረቱ በቤት መምታቱን እያደነቅሁ እንደሳቅሁ ለራሴ ነግሬው ነበር። ሰው ለራሱ የሚፈጥረው ምክንያት አያልቅበትም።

አንድ ቀን ታዲያ እህቴ መሪ ያዘች። ሞተሩ ጠፋ። አስነሣች፤ ጠፋ። ከዋንዛው ሥር አንዱ በቀልድ "ሁለት!" አለ። እንደገና። "ሦስት!" አሁን ሁሉም ተባበረ። አራት፣ አምስት… ልክ ልጆች መሐረብ ጨዋታ ላይ እንደሚያዜሙት በኅብረት። መኪናዋ ከእኛ ሃያ ርምጃ ብትርቅ ነው፤ መስኮቷም ክፍት ነው። ስድስት ተባለ። ሰባትን የጠራሁት እኔ ነኝ። ድምፄን ለይታ እንዳወቀችው የተረዳሁት ከመኪናው ስትወርድ ወደ ሌሎቹ ተመልክታ ወደ እኔ ሳትመለከት በማለፏ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ዝም ብላ ነበር። እኔ ደግሞ ዝምታዋን "በሽንፈቷ አፍራ ነው" ብዬ ተረጎምኩት።

እዚህ ላይ ስለዚያ ደብተር የማስበውን ልናገር፤ ያኔ ሳይሆን ቆይቶ የመጣልኝን። ስምንታችንም በአንድ ቀን ሥልጠና ጀመርን ይባል እንጂ እውነቱ እንዲያ አልነበረም። ከወንዶቹ አንዱ ያለ መንጃ ፈቃድ ሁለት ዓመት ባጃጅ የነዳ ነው፤ ይህን ለአሠልጣኙ አልነገረም፣ ለእኛ ግን ይኩራራበት ነበር። ሌላው የሚኒባስ ረዳት ሆኖ ያደገ ነው። ሦስተኛው ሕፃን ሳለ አባቱ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መሪ ያስይዙት ነበር። እኔ ራሴ በአሥር ዓመቴ ብስክሌት ነድቻለሁ፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ ደግሞ አጎቴ የጭነት መኪናውን በወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደ ኋላ እንዳንቀሳቅስ ይፈቅድልኝ ነበር። ማንም "እየተማርክ ነው" አላለንም። እየተጫወትን ነበር።

እህቴስ? ወረታ ለብስክሌት የተመቸች ለጥ ያለች ከተማ ናት፤ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ግን በእኛ የልጅነት ዘመን የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላዋ እየሮጠ ይጮኽ ነበር። ስለዚህ አልነዳችም። እስከ ሃያ አራት ዓመቷ ድረስ ጋቢና የተቀመጠችበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል። ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ጋቢና ለወንድ ወይም ለሽማግሌ ነው፤ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ያየችው የሾፌሩን ማጅራት ነው። እግር ከታች በፍሪሲዮንና በፍሬን ላይ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከማጅራት አይነበብም። አሠልጣኛችን "አንደኛ ቀን" ብለው በደብተራቸው በጻፉበት ዕለት፣ ለእኛ ምናልባት አምስት መቶኛው ቀን ነበር፤ ለእሷ ግን በእርግጥም አንደኛው። ደብተሩ የለካው ችሎታን መስሎን ነበር። ልጅነትን ነበር የለካው።

መንዳት መማር ለምን እንደፈለገች ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ ከመኪናም ከመንገድም በፊት የጀመረ።

አባታችን ሲሞት እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ እሷ ስድስት። እናታችን ጉማራ አጠገብ ሦስት ጥማድ መሬት ቀራት። ጥሩ መሬት ነው። ሩዝ በፎገራ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሲለመድ፣ ቀድሞ ውኃ የሚተኛበት ተብሎ የሚናቀው ማሳ ሁሉ ዋጋ አገኘ፤ የእኛም ከዚያ ዓይነቱ ነው። ነገር ግን በአገራችን ሴት አታርስም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፣ ጎተራ ትሞላለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። ይህን የከለከለ ሕግ የለም። የከለከለው የጎረቤት ዐይን ነው። ስለዚህ እናታችን መሬቷን የእኩል ሰጠች። አራሹ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፤ የእሷን ዝናቡ ካለፈው በኋላ ይደርስበታል። የሚገኘው ምርት በዚያው ያንሳል፤ ከዚያ ከአነሰው ላይ ደግሞ ግማሹ የእሱ ነው። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ እርፍ ጨበጥኩና መሬቱ ወደ ቤት ተመለሰ። ጎረቤት ሁሉ መረቀኝ። እውነቱን ለመናገር እጄ ለእርሻ አልተፈጠረም፤ ትልሜ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር። እህቴ በሬዎቹን ከእኔ ይልቅ ታውቃቸው ነበር፤ በስማቸው ስትጠራቸው ይመጡላታል። እርፉን ያዢ ያላት ግን የለም።

ስታድግ ሩዝ ነጋዴ ሆነች። ከገበሬው ያልተፈለፈለውን ትገዛለች፣ ወረታ መፈልፈያ ታስገባለች፣ ነጩን ለነጋዴ ትሸጣለች። በየሳምንቱ መኪና ትከራያለች፤ ለመኪናው ትከፍላለች፣ ለሾፌሩ ለብቻ ትከፍላለች፣ ሾፌሩ ሲያመሽም ሩዙ ሜዳ ላይ ያድራል። አንድ ማታ ሒሳቧን ስታሰላ ቆይታ ቀና አለችና፦

"ወንድምዓለም፣ እምዬ እርፍ የሚይዝላት ወንድ ስላልነበራት ግማሿን ሰጠች። እኔ ደግሞ መሪ የሚይዝልኝ ወንድ ፍለጋ ትርፌን እየሰጠሁ ነው። ምኑ ተለወጠ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናታችን ግን ነበራት። በማግስቱ ጊደሯን አውጥታ ሸጠችና ለእህቴ ሥልጠና ከፈለች። "ለወንዱ ይሁን፣ ለሴቷ ምን ያደርግላታል?" ብለው የጠየቋትን ጎረቤት፣ "ጊደሯ እኮ እንስት ናት፤ ለእንስት ወጣች" ብላ መለሰችላቸው። እኔ በደመወዜ ተመዘገብኩ፤ የተመዘገብኩትም፣ አሁን ሳስበው፣ ታናሼ መኪና እየነዳች እኔ ከጎኗ መቀመጡን መሸከም ስላልቻልኩ ይመስለኛል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ሰባት ከተቆጠረባት ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ይመስለኛል፣ የገበያ ዕለት ስለነበር ሌሎቹ ሁሉ ዘገዩ። ከማለዳው አሠልጣኙ፣ እሷና እኔ ብቻ ተገኘን። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ወንበር ልገባ ስል አሠልጣኙ በመስተዋቱ ተመለከቱኝና፣

"አንተ መምህር፣ ውረድ። ከዛፉም ሥር አትቁም። እዚያ ማዶ ያ በሬ የሚግጥበት ድረስ ሂድ" አሉኝ።

"ምን ላደርግ ጋሼ?"

"ምንም። በሬውን ጠብቅ።"

ሄድኩ። ሩቅ ነው፤ የመኪናዋ ድምፅ እንኳ በግማሽ ነው የሚሰማኝ። ተመልሼ ስመለከት ቶዮታዋ ተነሥታለች። ዘለለች፣ ነገር ግን አልጠፋችም። ቀጥ ብላ ሄደች፤ ማርሽ ሲቀየር ድምፁ ለአፍታ ወርዶ ተመለሰ። ዞረች። እንደገና ዞረች። ከኋላዋ የሚነሣው አቧራ በማለዳው ፀሐይ ወርቅማ ክብ ሠርቶ ሳለ፣ እኔ ከበሬው አጠገብ ቆሜ ሞተሩ እስኪጠፋ እጠብቅ ነበር። አዎን፣ እጠብቅ ነበር፤ መደበቅ አልፈልግም። አልጠፋም። ግማሽ ሰዓት ያህል ዞረች፤ ስትቆምም ራሷ ፍሬን ይዛ፣ ራሷ አጥፍታ ቆመች። ስጠጋ አሠልጣኙ ደብተሩን ከፍተው ባዶውን መስመር አሳዩኝ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። መናገራቸው ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት የገባኝን ነገር ሌሎች በሌላ አገር በቤተ ሙከራ እንደመረመሩት ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሴቶችን በመንጃ ማስመሰያ መሣሪያ ላይ አስቀመጡ። ለግማሾቹ ጥናቱ ወንዶች ከሴቶች የተሻለ የሚነዱበትን ምክንያት የሚመረምር እንደሆነ ነገሯቸው፤ ለቀሩት ይህን አላነሡባቸውም። ድንገት መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ሲመጣ፣ ወሬውን የሰሙት ካልሰሙት ከእጥፍ በላይ ገጩ። ያው ሴቶች፣ ያው መሣሪያ፣ ያው መንገድ። የተጨመረው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኛ ዋንዛ ሥር ሆነን የጨመርነው ዐረፍተ ነገር ብቻም አልነበረም፤ ዜማ ነበረው።

ቁጥር የሚወድ አንባቢ "ታዲያ እውነቱ የትኛው ነው? ማን ይበልጣል?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መዝገብ በሚጠነቀቁባት በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት የታየው ይህ ነው፦ በጽሑፍ ፈተና ሴቶች ከወንዶች ጥቂት ይሻላሉ፤ በተግባር ፈተና ደግሞ ከመቶ ወንዶች ኀምሳ ገደማ ሲያልፉ ከመቶ ሴቶች አርባ አምስት ገደማ ያልፋሉ። ዋንዛ ሥር ብንሆን ይህችን ይዘን በጨፈርን ነበር። ነገር ግን መዝገቡ ከፈተናው ሜዳ አልፎ ወደ መንገዱ ሲወጣ መልኩ ይለወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወንዶች ናቸው። ወንዶች አብዝተው ስለሚነዱ ነው ይባላል፤ ይህም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ግን ሁሉንም አይሸፍንም። ፈተና የሚለካው መኪናን ማንቀሳቀስ መቻልን ነው። መኪናን አለማንቀሳቀስ የሚገባበትን ጊዜ ማወቅ በሰረዝ አይቆጠርም።

በእኛም ስምንት ሰው መካከል ይኸው ሆነ፤ ከስምንት ሰው ሕግ አይወጣም እንጂ። በጽሑፉ ፈተና ሦስቱም ሴቶች አለፉ፤ ከወንዶቹ ሁለቱ ወደቁ፣ ከሁለቱ አንዱ ያ የባጃጁ ጀግና ነው። የመንገድ ምልክቱን መማር ለምን ያስፈልገዋል፣ እሱ እንደሆነ ይነዳል! በተግባሩ እኔ በመጀመሪያው አለፍኩ። እህቴ በቆሙት ዘንጎች መካከል በኋላ ማርሽ ስትገባ የመጨረሻዋን ዘንግ ነክታ ጣለች። ፈታኙም ተፈታኙም፣ ከአጥር ውጪ የቆመውም ሁሉ ወንድ ነበር። ከአጥሩ አካባቢ የተሰማውን መጻፍ አያስፈልግም። ከእሷ ቀጥሎ የገባ አንድ ጎረምሳ ሁለት ዘንግ ጣለ፤ "አይ፣ ቸኮለ" ተባለለት። የእሱ ስሕተት የእሱ ሆኖ ቀረ። የእሷ ግን ወዲያው የሴት ሁሉ ሆነ። አንዲት ሴት ለማጅ መሪ ስትጨብጥ እናቷን፣ እህቷን፣ ገና ያልተወለደች ልጇን ሁሉ አሳፍራ የምትነዳ ይመስለኛል፤ ያ ሁሉ ጭነት ያለበት መኪና ደግሞ ለመነሣት ቢከብደው አይገርምም።

ያን ማታ ላጽናናት ብዬ፣ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆኗን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ የሆኑበት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባንኮክ መብረሩን አወራሁላት። ሰማችኝና፣

"እዚያ ላይ ከኋላ ሆኖ የሚቆጥር ወንድም የለማ" አለች።

ሳቅን። እሷ ከልቧ፣ እኔ ከጥርሴ። ሰባቷን እንዳልረሳቻት ያኔ አረጋገጥኩ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እሷ ግን ስቃ ስላለፈችው እኔም በሳቅ አለፍኩት።

በሚያዝያ ሁለተኛውን ፈተና አለፈች። ሁለታችንም አንድ ዓይነት መንጃ ፈቃድ ያዝን። የወጣበት አዋጅ ዕድሜን፣ ጤናንና ሥልጠናን እንጂ ፆታን አይጠይቅም፤ ወረቀቱ ላይም ሆነ ማኅተሙ ላይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎታችን ደብል ጋቢና ፒካፕ ነበረው። ቁልፉን ሲያቀብል እጁ በራሱ ጊዜ ወደ እኔ ይዘረጋል። "ወረታ ደርሰህ ና"፣ "ዘመዶችን ከአዲስ ዘመን አምጣ"፣ "ማዳበሪያ ጫን"… ዘጠኝ ወር ሙሉ ነዳሁ። የእህቴ መንጃ ፈቃድ በእናታችን ሣጥን ውስጥ፣ ከክርስትና ልብሷና ከስምንተኛ ክፍል ካርዷ ጋር ተቀመጠ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቁልፉን ጠይቃ "ዛሬ ጭነት አለው"፣ "ዛሬ መንገዱ ይበዛበታል" ተብላለች። ቀድሞ በልጅነት የተፈጠረው ልዩነት በፈተና ጠብቦ የነበረ ቢሆን እንኳ፣ ከፈተና በኋላ በዚያች በምትዘረጋ እጅ እንደገና ሰፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብታወዳድሩን ኖሮ "ይኸው፣ እሱ ይበልጣል" ባላችሁ ነበር። እውነታችሁን ነው።

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የሩዝ አዝመራ ነበር። እናታችን ከጉማራ ማዶ ካለው ማሳ የተወቃውን ሩዟን ወረታ ድረስ ልትሸኝ አብራን ተነሣች፤ ሲፈለፈል በዐይኗ ካላየች አታምንም። እኔ መሪ ይዤ፣ እሷ ከጎኔ፣ እህቴ ከኋላ። ፀሐይ ጣና ላይ ተንተርሳ ሰማዩ ቀልቷል። ያ መንገድ ከማሳው ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ግራና ቀኙ ተዳፋት ነው፣ ከተዳፋቱ ሥር ውኃ ያልለቀቀው የሩዝ ማሳ።

"ወንድምዓለም፣ ቀስ በል፤ ከብት የሚገባበት ሰዓት ነው" አለች ከኋላ።

"እየነዳሁ እኮ ነው!" አልኳት።

ከፊቴ ገለባ እስከ ሰማይ የጫነ የፈረስ ጋሪ ነበር። ከገለባው ወዲያ ያለውን ማየት አልቻልኩም። ማየት ያልቻለ ሰው ይጠብቃል፤ ይህ በጽሑፍ ፈተናው ላይ ተጠይቋል፣ እኔም በትክክል መልሻለሁ። ወጣሁና አለፍኩት። ከጋሪው ወዲያ መንገዱን የሞላ የከብት መንጋ፣ ከመንጋው ኋላ ዱላ በትከሻው የያዘ ሕፃን ልጅ። መሪውን ጠመዘዝኩ።

ከብቱም ልጁም አልተነኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናው ተዳፋቱን ወርዶ እስከ ቸርኬው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። አንድ ጆንያ ተቀድዶ ሩዙ ፈሰሰ። እናታችን ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጭታ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። አልጮኸችም። "ልጁስ? ልጁ ደህና ነው?" ነው ያለችው፤ የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ የማታውቀውን።

ገበሬዎች ተሰብስበው ሁለት ጥማድ በሬ አመጡ። የፎገራ በሬ ግዙፍ ነው፤ ገመዱ ተወጥሮ፣ ጅራፉ ጮኾ፣ ፒካፑ ከጭቃው ሲወጣ የአንድ መብራቱ መስታወት ማሳው ውስጥ ቀረ። ወረታ ጤና ጣቢያ ደርሰን ክንዷን በእንጨት አስረው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውሰዷት አሉን። ከመሪው ጀርባ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ግራ እግሬ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠና መኪናው ዘልሎ ጠፋ። አስነሣሁ፤ ጠፋ። ሦስት። አራት። ከጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ቆሞ ያየን ነበር። አንድም የቆጠረ አልነበረም፤ በልቤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

እህቴ ከኋላ ወርዳ በሬን ከፈተች። "ተነሥ" አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ሕፃን ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቀስበት ድምፅ።

ከወረታ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው ነው። አለም በር እስኪደርሱ ያለው ብዙም አይከብድም፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱና ጠመዝማዛው ይጀምራል። ዘጠኝ ወር መሪ ያልጨበጠች ሴት፣ በአንድ ዐይና መኪና፣ በሌሊት። እናታችን ከኋላ ወንበር ተጋድማ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋለች። ከዳገቱ መካከል አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ መንገዱን ግማሽ ዘግቶ ቆሟል፤ ከላይ የሚመጣ መብራት ታየ። እህቴ ቆመች። የእጅ ፍሬን ሳበች። መብራቱ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ካለፈም በኋላ ሌላ እንዳለ ለማየት ጠበቀች። እኔ ከኋላ ሆኜ ቀኝ እግሬን ወለሉ ላይ እስኪያመኝ ተጭኜ ነበር።

"እግርህን አንሣ፣ እዚያ ፍሬን የለም" አለችኝ በመስተዋቱ።

ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ መኪናው አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ አንዲት ጋት እንኳ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ተነሣ።

እናታችን ዐይኗን ሳትገልጥ "ማነው የያዘው?" ብላ ጠየቀች።

"እኔ ነኝ እምዬ።"

"እኔስ አውቄዋለሁ" አለች።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ክንዷ በጄሶ ታስሮ፣ መድኃኒቱ ተወስዶ እስክንወጣ ነጋ። ግቢው ውስጥ ፒካፑ በአንድ ዐይኑ እያየን ቆሟል። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ሾፌሩ በር ሄጄ እጄን ዘረጋሁ፤ ሌላ ሐሳብ ኖሮኝ አይደለም፣ እጅ የለመደውን ነው። እህቴ የተዘረጋውን እጄን ተመለከተችው። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ፣ ሴቶች ገንዘብ በሚቋጥሩበት፣ ቋጥራው ነበር። ቋጠሮውን ፈታችና አውጥታ በጣቷ ይዛ ለአፍታ ቆመች፤ ከዚያ በእኔ በኩል አልፋ በሩን ራሷ ከፈተች።

እኔም እናቴን ደግፌ ከኋላ ገባሁ።